ከፍች በኋላ ልጆችን ስለ ማሳደግ የሚደረግ ስምምነት

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ጋብቻ ሥርዓት፣ ስለ ክቱባና ስለ ጌት ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጌቱ ከተሰጠ በኋላ ስለሚቀረው ነገር፣ ማለትም ስለ ልጆች ነው።

ጌት ባል ለሚስቱ በቤት ዲን ፊት የሚሰጣት የፍች ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነአባቶቻቸው ስም፣ ቀኑና ከተማው፣ ሴቲቱም ከእንግዲህ ሌላ ሰው ለማግባት የተፈቀደላት መሆኗ ይጻፋል። ስለ ልጆች ግን በጌቱ ውስጥ አንድም ቃል አይገኝም። ጌቱ የሚፈታው የባልና የሚስትን ማሰሪያ እንጂ የወላጅንና የልጅን ማሰሪያ አይደለምና። ስለዚህ የቤት ዲን ዳኞች፣ ዳያኒም የሚባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጌቱ ከመጻፉ በፊት ባልና ሚስት የፍች ስምምነት እንዲያቀርቡ ይጠይቃሉ፤ ይህም በዕብራይስጥ ሄስኬም ጌሩሺን ይባላል። ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ጌቱን ለማግኘት ሲቸኩሉ በስምምነቱ ላይ ስለ ልጆች የተጻፈውን ሳያነቡ ይፈርማሉ። ዓርብ በመጣ ጊዜ ሕፃኑ ለሰንበት የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ ጠቡም እንደ አዲስ ይጀመራል።

በኢትዮጵያ ሳለን ባልና ሚስት ሳይስማሙ ሲቀሩ ነገሩ በሽማግሌዎችና በቄሶች ፊት ይታይ ነበር። አስቀድሞ ለማስታረቅ ይሞከራል፤ እርቁ ካልሆነ ከብቱና እህሉ ይከፈላል፤ ስለ ልጆችም እንደየአካባቢው ልማድ ይነጋገራሉ። ወረቀት አያስፈልግም ነበር፤ ምክንያቱም አያትና አጎት በቅርብ አሉ፤ ልጁ አንድ ወንዝ ተሻግሮ ወደ አባቱ፣ ተመልሶም ወደ እናቱ ይሄዳል፤ ቃሉን ያጠፈውንም ወላጅ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በእስራኤል ግን እናቲቱ በአፉላ፣ አባትየው በቂርያት ጋት ቤት ተከራይተው ሊኖሩ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ አውቶቡሱም ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአብዛኛው መስመር ይቆማል። በዚያ የመንደሩ ዓይን ይጠብቀው የነበረውን ነገር በዚህ የሚጠብቀው የተጻፈና በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ብቻ ነው።

ሊቃውንት ስለ ልጅ የተናገሩት

ኦሪት ፍችን ፈቅዳለች፤ ሊቃውንት ግን እንደ ታላቅ ኀዘን ቆጥረውታል። ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ጥያቄ በታልሙድ ክቱቦት በሚባለው ክፍል ተነሥቷል፤ ፍርዱም በሹልሃን ዓሩኽ፣ ኤቬን ሃዔዜር በሚባለው መጽሐፍ ምዕራፍ 82 ተጽፏል። እንደዚህ ሥርዓት ሕፃን ሁሉ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ከዚያ በኋላ ወንድ ልጅ ኦሪትን እንዲያስተምረው ወደ አባቱ ያዘነብላል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ከእናትዋ ጋር ትኖራለች።

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ እንደ ከብት ክፍያ የተቆረጠ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ አይደለም። ሬማ በሚል ስም የሚታወቁት የክራኮቩ ራቢ ሞሼ ኢሴርሌስ በዚያው ምዕራፍ ላይ በጻፉት ማስታወሻ፣ ሴት ልጅ ከእናትዋ ጋር የምትኖረው ለልጅቱ የሚበጅ መሆኑን ቤት ዲን ሲያይ ነው ብለዋል። በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት የሳሎኒካው ራቢ ሽሙኤል ዴ ሜዲናም ነገሩ ሁሉ በልጆቹ ጥቅም ላይ የተመሠረተ እንጂ የእናት ወይም የአባት የግል መብት አለመሆኑን አስተምረዋል። ዛሬም ዳያኒም የሚመሩት በዚህ ነው። «ልጁ የእኔ ነው» ብሎ ወደ ቤት ዲን የሚገባ ወላጅ ከመጀመሪያው ቃሉ ስቷል፤ የሚጠየቀው ልጁ የማን እንደ ሆነ ሳይሆን ለልጁ የሚበጀው ምን እንደ ሆነ ነውና።

ከዚህ ይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ትምህርት አለ። በታልሙድ ክዱሺን በሚባለው ክፍል አንድ ልጅ ሊቃውንትን ይጠይቃል፤ አባቴ ውኃ አምጣልኝ ሲለኝ እናቴም በዚያው ጊዜ አምጣልኝ ብትለኝ ማንን ላስቀድም? አብረው ለሚኖሩ ወላጆች መልሱ አባትን አስቀድም የሚል ነው፤ እናቲቱም ራሷ በቤቱ አባትየውን ታከብራለችና። ወላጆች ከተፋቱ ግን ሁለቱ በክብር እኩል ናቸው፤ ልጁ የፈለገውን ማስቀደም ይችላል። ሹልሃን ዓሩኽም በዮሬ ዴዓ ምዕራፍ 240 ይህንኑ ሕግ አድርጎ ጽፎታል።

እንግዲህ አስቡት። ልጁ አባቱንና እናቱን እኩል እንዲያከብር በኦሪት ከታዘዘ፣ ከሁለቱ አንዱን እንዲንቅ፣ እንዲሰልል ወይም እንዲመርጥ የሚያስገድደው ወላጅ ልጁን በትእዛዝ ላይ እንዲያምፅ እየገፋው ነው። «አባትህ ምን በላ? ማን ቤቱ መጣ?» ብላ የምትጠይቅ እናት፣ «እናትህ ባትበጠብጥ ኖሮ አንለያይም ነበር» የሚል አባት ይህን ሊያስቡበት ይገባል። በእኛ አስተያየት ስለ ልጆች የሚጻፈው ስምምነት ሁሉ ከዚህ ሕግ ሊነሣ ይገባዋል፤ ልጁ በሁለት ውኃ ጠያቂዎች መካከል እንዳይቆም ሰዓቱንና ቀኑን ወላጆቹ አስቀድመው ይለዩለት።

በዚያው ክፍል አባት ለልጁ የሚገባው ግዴታ ተዘርዝሯል፤ ይገርዘዋል፣ በኩር ከሆነ ይቤዠዋል፣ ኦሪትን ያስተምረዋል፣ ይድረዋል፣ የእጅ ሙያም ያስይዘዋል። አንዳንድ ሊቃውንት መዋኘት ያስተምረው ሲሉ ጨምረዋል። ከእነዚህ አንዱንም ፍች አይሽረውም። በሐምሌና በነሐሴ ዕረፍት ልጁን ወደ መዋኛ የሚወስድ የተፋታ አባት ልጁን ማዝናናቱ ብቻ አይደለም፤ የሊቃውንትን ቃል መፈጸሙም ነው።

የአገሩ ሕግ

በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት በእስራኤል የሚኖሩ አይሁድ ጋብቻና ፍች በራቢዎች ቤት ዲን ሥልጣን ሥር ነው። ስለ ልጆች ግን በቤት ዲንም፣ በ1995 በወጣው ሕግ በተቋቋመው የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤትም ሊታይ ይችላል። ስምምነትንም ሁለቱም ማጽደቅ ይችላሉ፤ ጌቱ ግን በቤት ዲን ብቻ ይፈጸማል። በሽማግሌ ፊት «ተለያይተናል» ብሎ መጨባበጥ ጋብቻን አያፈርስም። ጌት ሳትቀበል ሌላ ባል ያገባች ሴት በራሷም፣ ከሁለተኛው ባል በምትወልዳቸው ልጆችም ላይ በሃላኻ እጅግ ከባድ ነገር ታመጣለች፤ ይህን በጌት ትምህርት በሰፊው ስላየነው እዚህ አንደግመውም።

የ1962ቱ የአሳዳሪነት ሕግ ሁለት ነገሮችን ያስተምረናል። አንደኛው፣ አባትም እናትም የልጃቸው የተፈጥሮ አሳዳሪዎች ናቸው። ልጁ በአንዳቸው ቤት ስላደረ የሌላው አሳዳሪነት አይጠፋም፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ንብረቱ ሁለቱም ይመክራሉ። ሁለተኛው፣ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ሌላው እንዴት እንደሚያገኘው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሆኖም ስምምነቱ የሚጸናው ፍርድ ቤት ወይም ቤት ዲን ለልጁ የሚበጅ መሆኑን አይቶ ሲያጸድቀው ነው። ሳይስማሙ ቢቀሩ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ሕጉ ሲወጣ እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ፣ ልዩ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፣ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ደንግጓል። በዚህ ድንጋጌ ላይ በእስራኤል ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ በ2011 የመጨረሻ ዘገባውን ያቀረበውና ፕሮፌሰር ዳን ሽኒት የመሩት ኮሚቴም እንዲለወጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፍርድ ቤቶችም ልጁን በሁለቱ ወላጆች መካከል በተቀራረበ ጊዜ የሚያካፍል ውሳኔ ሲሰጡ ይታያል። ስለዚህ እናት «ሕጉ ለእኔ ነው» ብላ መታመን፣ አባትም «ሕጉ አይሰማኝም» ብሎ ከልጁ መራቅ አይገባቸውም።

ወዴት እንሂድ?

ከ2016 ሐምሌ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ የሚጣሉ ባልና ሚስት ወዲያውኑ ክስ አይከፍቱም። አስቀድሞ ጠብን ለመፍታት የሚል ማመልከቻ ይቀርባል፤ ሁለቱም ዬሂዳት ሲዩዓ ወደሚባለው የእርዳታ ክፍል ይጠራሉ። በዚያ እስከ አራት ስብሰባ ያለ ክፍያ ይደረጋል። የሚያነጋግሯቸው የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች እንጂ ዳኞች አይደሉም። ወገኖቻችን ይህን ስብሰባ እንደ ፍርድ ፈርተው ይቀራሉ፤ ወይም ሄደው ዝም ይላሉ። የሚገባው ግን መሄድና መናገር ነው፤ ልጆቹን ከረጅም ክርክር የሚያድናቸው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ ክፍል ነው።

ቋንቋ ያልያዘ ሰው ማመልከቻውን ሲያቀርብ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ስለዚህ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፤ ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ክስ ወደ ዕብራይስጥ፣ የአባቱን መልስ ወደ አማርኛ ሲመልስ የሚሰማው ነገር ለሕይወቱ ሁሉ ይቀራል። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ዘመድም ቢሆን አይመከርም፤ ዘመድ ወደ አንዱ ወገን ማዘንበሉ አይቀርምና።

ሌላም የእኛ ልማድ አለ። በባለሥልጣን ፊት ሳይገባንም፣ ሳንስማማም ለአክብሮት «እሺ» እንላለን። እኛ ዘንድ «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የእስራኤሉ ሠራተኛ ግን ቤሴዴር ተስማምቻለሁ እንደ ተባለ አድርጎ ይጽፈዋል። ያልገባዎትን ነገር «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት በዚህ አገር ነውር አይደለም።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው በፍርድ ሚኒስቴር ሥር ወደሚገኘው የሕግ እርዳታ፣ ሲዩዓ ሚሽፓቲ ወደሚባለው ቢሮ ያመልክት። ቢሮዎቹ በኢየሩሳሌም፣ በቴል አቪቭ፣ በሃይፋና በቤር ሼቫ ይገኛሉ። ገቢውና ጉዳዩ ታይቶ ጠበቃ ይመደብለታል።

ሽማግሌዎቻችንስ? ድርሻቸው አልጠፋም። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ፣ ቁጣን ማብረድ፣ የስምምነቱን ሐሳብ በቃል ማዘጋጀት ከሽማግሌና ከቄስ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በሳሎን የተፈረመ ወረቀት ሳይጸድቅ ከቀረ የሚያስፈጽመው ኃይል የለውም፤ ከጸደቀ በኋላ ግን እንደ ፍርድ ይቆጠራል።

በስምምነቱ ላይ የሚጻፈው

«አባት ልጆቹን እንደ ተለመደው ያያል» የሚል ስምምነት ስምምነት አይደለም። የተለመደው ማን ዘንድ የተለመደው ነው? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ልጁን የሚወስደውና የሚመልሰው ሰው፣ የሚገናኙበትም ቦታ ይጻፍ።

ሰዓት ሲጻፍ በአገሩ አቆጣጠር ይሁን። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን በእኛ አነጋገር ሁለት ሰዓት ማለት በጠዋት ሲሆን በዚህ አገር ከሰዓት በኋላ ሁለት ሊሆን ይችላል። አባት በጠዋት መጥቶ ደጅ ሲጠብቅ ውሎ፣ እናትም ከሰዓት በኋላ ልጁን አልብሳ ስትጠብቅ ውላ፣ ሁለቱም ቃሌ ታጠፈ ብለው ሊጣሉ ይችላሉ። «14:00» ተብሎ ይጻፍ። የልጁም ዕድሜ በቴዑዳት ዜሁት በተመዘገበው ልደት እንጂ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይቆጠር።

ሰንበትን በተመለከተ፣ ሰንበትን የሚጠብቁ ወላጆች ልጁን በሰንበት በመኪና ማመላለስ አይችሉም። ስለዚህ ልጁ ሻማ ከመብራቱ በፊት በበቂ ጊዜ ወደሚያድርበት ቤት ይድረስ፤ የሚመለሰውም ከሃቭዳላ በኋላ ወይም እሑድ ጠዋት በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ይሁን። በክረምት ሰንበት ቀድማ ትገባለች፤ በበጋ ትዘገያለች። አንድ ወጥ ሰዓት ከመጻፍ ይልቅ «ሰንበት ከመግባቷ ሁለት ሰዓት በፊት» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«ልጆቹ በየሁለተኛው ሰንበት ከአባታቸው ጋር ይሆናሉ። አባት ሰንበት ከመግባቷ ሁለት ሰዓት በፊት ከእናት ቤት ደጃፍ ይወስዳቸዋል፤ እሑድ ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳቸዋል። ትምህርት በሌለበት እሑድ በ10:00 ወደ እናት ቤት ይመልሳቸዋል። መዘግየት ያጋጠመው ወላጅ ለሌላው ወላጅ ራሱ ይደውላል፤ በልጆቹ በኩል መልእክት አይልክም።»

በዓላት በፈረንጅ አቆጣጠር በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ በዕብራውያን ዓመት ይጻፉ፤ በተጋማሽ ዓመት ሮሽ ሃሻና ከእናት፣ የፋሲካ ሴዴር ሌሊት ከአባት፤ በጎዶሎ ዓመት ይገለበጥ። የሱኮት ሰባት ቀናትም ሊከፈሉ ይችላሉ። የዕብራውያን ዓመት የሚጀምረው በሮሽ ሃሻና መሆኑን አትርሱ፤ ሮሽ ሃሻናና ተከትሎት የሚመጣው ፋሲካ በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸው።

ጠበቃው በዕብራይስጥ የሚያዘጋጀው የተለመደ ቅጽ ሁሉንም በዓላት ሊይዝ፣ ስግድን ግን ሊረሳ ይችላል። እናንተ አስታውሱ። ስግድ በሄሽቫን 29 የሚውል ሲሆን ክኔሴት በ2008 ባወጣው ሕግ በመላ አገሪቱ የታወቀ በዓል ሆኗል። ልጁን ወደ ኢየሩሳሌም ይዞ የሚወጣው የትኛው ወላጅ ነው? አያቶቹ የሚወጡት በማን አውቶቡስ ነው? ሁለቱ ወላጆች በዚያ ቀን በአንድ ኮረብታ ላይ መገኘታቸው ስለማይቀር፣ ጠዋት ከአንዱ፣ ከጸሎቱ በኋላ ከሌላው ጋር እንዲሆን መጻፍ ይቻላል።

ስለ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ ማምላኽቲ ዳቲ የሚባለው፣ ወይም የጠቅላላው የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑ ይጻፍ፤ አንዱ ወላጅ ብቻውን እንዳይለውጠውም ይወሰን። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ሁለቱም ይጋበዙ። ስለ ሕክምና ልጁ የተመዘገበበት ኩፓት ሆሊም፣ የክትባት መዝገቡም ቅጂ በሁለቱም ቤት መኖሩ ይጻፍ። ባር ሚጽቫ በ13 ዓመት፣ ባት ሚጽቫ በ12 ዓመት ይመጣል፤ ሕፃን ላላቸው ሩቅ ይመስላል፤ ግን ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሁለቱም ወላጆች ከነዘመዶቻቸው መገኘታቸው ከአሁኑ ቢወሰን ዕለቱ ከጭቅጭቅ ይተርፋል።

ዘመድን በተመለከተ የአገሩ ጠበቃ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በእኛ ሥርዓት እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ያላቸው አይጋቡም። ይህን የሚያውቁት አያቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጅም የሚማረው በለቅሶና በሠርግ፣ በአያቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ነው። ከአባቱ ዘመዶች ተቆርጦ ያደገ ልጅ አድጎ ሚስት ሲፈልግ የገዛ ዘመዱን ሳያውቅ ሊያጭ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ወገን አያቶች ልጁን የሚያገኙበት ጊዜ በስምምነቱ ውስጥ ቢጻፍ መልካም ነው። በሰርግና በሐዘን ጊዜም ቀኑ የማንም ቢሆን ልጁ እንዲሄድ ይፈቀድ። የአያቶቹ ቋንቋ አማርኛም ሆነ ትግርኛ ልጁ እንዳይረሳው የሚረዳውም ይኸው ነው።

መኖሪያ ስለ መቀየርም ይጻፍ። ልጁ የሚኖርበት ወላጅ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ሲያስብ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቅ። ልጁን ከአገር ማውጣት ደግሞ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለኢትዮጵያ ጉብኝትም ቢሆን። የሄግ ስምምነት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ውል እስራኤል በ1991 ሕግ አድርጋዋለች፤ በውሉ አባል አገሮች መካከል ያለ ፈቃድ የተወሰደ ልጅ ወደ መጣበት እንዲመለስ ያስገድዳል። ጉብኝቱ ሲፈቀድ የመሄጃውና የመመለሻው ቀን በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ቀለብ

የልጆች ቀለብ ሜዞኖት ይባላል። በሃላኻ ቀዳሚው ግዴታ የአባት ነው፤ የእስራኤል ዋና ራቢዎች ጽሕፈት ቤት በ1944 ባወጣው ታካና አባት ልጁን 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲመግብ ደንግጓል። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፈላጊው ፍላጎት በአባት ላይ ነው። ከስድስት እስከ 15 ዓመት ላለው ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በሰጠው ውሳኔ የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች የሁለቱን ወላጆች ገቢና ልጁ በየቤቱ የሚቆይበትን ጊዜ እንዲመዝኑ ተደርጓል። ቤት ዲን በዚህ ላይ የራሱን መንገድ ይከተላል፤ ስለዚህ የሚጻፈው ገንዘብ በማን ፊት እንደሚጸድቅ ጠበቃን መጠየቅ ይበጃል።

ገንዘቡ በወር በስንት ቀን እንደሚገባ፣ ከዋጋ ማውጫው፣ ከማዳድ ጋር ተያይዞ እንደሚያድግ ይጻፍ። በባንክ ይተላለፍ፤ በልጁ እጅ አይላክ። ልጁን ብር ተሸካሚ ማድረግ ወላጆቹ ስለ እርሱ ሲገበያዩ እንዲያይ ማድረግ ነው። ከብሔራዊ መድን የሚመጣው የልጆች አበልም ከአባት መዋጮ ተቀናሽ ይሁን አይሁን ተለይቶ ይጻፍ። መነጽር፣ የጥርስ ሕክምና፣ የትምህርት ቤት ጉዞና መጻሕፍት ከወርኃዊው ገንዘብ ውጭ ስለሚመጡ እንዴት እንደሚካፈሉ ይወሰን።

ብዙ ቤቶችን ያፈረሰ አንድ ስሕተት አለ፤ እናት «ገንዘብ ካልከፈልክ ልጁን አታይም» ትላለች፤ አባትም «ልጁን ካላሳየሽኝ አልከፍልም» ይላል። ቀለብና ጉብኝት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የማይከፍል አባት ልጁን ከማየት አይከለከልም፤ ልጁን እንዳያይ የተደረገ አባትም በገዛ እጁ ቀለብ አያቋርጥም። እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። አባት ባይከፍል እናቲቱ የጸደቀውን ስምምነት ይዛ ወደ አስፈጻሚው ቢሮ፣ ሆጻአ ላፖዓል ወደሚባለው፣ ወይም ወደ ቢቱዋህ ሌዑሚ መሄድ ትችላለች። በ1972 ሕግ መሠረት ቢቱዋህ ሌዑሚ ገቢዋንና ደንቡን አይቶ ይከፍላታል፤ ገንዘቡንም ከአባትየው ይጠይቃል። ያልጸደቀ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ግን ይህ በር አይከፈትም።

እናት «ከእርሱ ምንም አልፈልግም፣ ብቻ ይልቀቀኝ» ብላ የልጁን ቀለብ መተው አትችልም። የራሷን መተው ትችል ይሆናል፤ የልጁ ግን የልጁ ነው።

በቤቱ ውስጥ ዱላ ካለ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሁለቱ ሰዎች ሳይፈራሩ ሊቀመጡ ለሚችሉበት ቤት ነው። ባል ሚስቱን የሚመታ፣ በቢላ የሚያስፈራራ፣ «ብትሄጂ እገልሻለሁ» የሚል ከሆነ ሴቲቱን ከእርሱ ጋር ለሽምግልና በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ስሕተት ነው። «ለልጆችሽ ስትዪ ታገሺ» ብለን የመለስናቸው እኅቶቻችን አሉ፤ ሁሉም በሕይወት አልተረፉም። እንዲህ ያለው ቤት የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው። ፖሊስ በ100 ይጠራል፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በ118 ይመልሳል። በ1991 በወጣው ቤተሰብን ከዓመፅ የመጠበቅ ሕግ ፍርድ ቤት አጥቂውን ከቤት ሊያስወጣ፣ እንዳይቀርብም ሊያዝ ይችላል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን በሰንበትም ስልክ መደወል የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው፤ ይህ ፒኩዋህ ኔፌሽ ነውና ቄስን ወይም ራቢን መጠየቅ አያስፈልግም።

በዚህ ሁኔታ አባት ልጆቹን የሚያየው፣ ፍርድ ቤት ከፈቀደ፣ ሠራተኛ ባለበት የመገናኛ ማዕከል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በመፈረም ጊዜና ከዚያ በኋላ

ስምምነቱ በዕብራይስጥ ስለሚቀርብ ከመፈረም አንድ ሁለት ቀን በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይነበብላችሁ። ዳኛው ወይም ዳያኑ ለእያንዳንዳችሁ፣ የፈረማችሁት በፈቃዳችሁ ነው ወይ፣ ተረድታችሁታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለወግ አይደለም። በዚያች ሰዓት «አልተረዳሁም» ቢባል ይብራራል፤ ከጸደቀ በኋላ ግን ማፍረስ ከባድ ነው። ቴዑዳት ዜሁት ይዛችሁ ሂዱ። በኢትዮጵያ የተለያያችሁና የሽማግሌ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ያላችሁም ይዛችሁት ቅረቡ።

ማኅተም ያለበትን ቅጂ ሁለታችሁም ተቀበሉ፤ አንዱን ለልጁ ትምህርት ቤት ስጡ፤ ከሰነዶቻችሁ ጋርም ጠብቁት። ስለ ልጆች የተጻፈው ለዘላለም የታተመ አይደለም። ልጁ ያድጋል፤ አንዱ ወላጅ ሥራ ያጣል ወይም ያገባል፤ አንዱም ይታመማል። ሁኔታው በእርግጥ ሲለወጥ ያጸደቀው ፍርድ ቤት ወይም ቤት ዲን እንዲያሻሽለው ሊጠየቅ ይችላል። በስምምነቱም መጨረሻ ላይ፣ ወላጆቹ ሳይስማሙ በቀሩ ጊዜ ወደ ፍርድ ከመሄዳቸው በፊት ወደሚያምኑት አንድ ሽማግሌ፣ ቄስ ወይም አስታራቂ እንዲሄዱ የሚያዝ አንቀጽ ቢገባ እንመክራለን። ልጁ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ ደግሞም ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሁለቱ ወላጆች ወረቀቱን አውጥተው እንደገና ያንብቡት፤ ለሦስት ዓመት ሕፃን የተጻፈው የመኝታ ሰዓት ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አይሆንም።